ከእጅ ጋር የሚያረጅ ሰንጢ

ታጣፊ ሰንጢ፣ ማለትም ስለቱ በእጀታው ውስጥ ታጥፎ በኪስ የሚያዝ ቢላዋ፣ በአውሮፓ ገጠር ለብዙ ዘመን የገበሬው፣ የእረኛውና የአናጢው የዘወትር መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ከእነዚህ ሰንጢዎች መካከል በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በሳቮያ ተራሮች የተወለደውና በሠሪው ቤተሰብ ስም ኦፒኔል ተብሎ የሚጠራው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ፣ ከመሣሪያነት አልፎ የአንድ ያለፈ የገጠር ኑሮ ማስታወሻ ለመሆን በቅቷል። ለዚህ የበቃው ውድ ወይም ብርቅ ስለ ነበረ አይደለም፤ ይልቁንም ርካሽና በየሰው ኪስ የሚገኝ ስለ ነበረ፣ እንዲሁም የተሠራባቸው ሁለት ነገሮች፣ ብረቱና እንጨቱ፣ የባለቤታቸውን እጅ፣ ምግብና ልማድ በላያቸው እየያዙ የሚያረጁ በመሆናቸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰንጢው የተወለደበት የሞሪየን ሸለቆ አርክ የተባለው ወንዝ አልፕስን ሰንጥቆ የሚወርድበት ረጅምና ጠባብ ሸለቆ ሲሆን፣ እስከ 1860 ድረስ የሰርዲንያ መንግሥት አካል ነበር፤ በዚያ ዓመት በቱሪን ውል መሠረት ሳቮያ ወደ ፈረንሳይ ተጠቃለለች። የአገሪቱ የጥንት ገዢዎች የነበሩት የሳቮያ መሳፍንት ኋላ የጣልያን ነገሥታት ሆነዋል። በ1936 ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሰየመው ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ የዚሁ ቤት ተወላጅ በመሆኑ፣ ሳቮያ የሚለው ስም በኢትዮጵያዊ አንባቢ ዘንድ መራራ ትዝታ መቀስቀሱ አይቀርም። የሸለቆው ገበሬ ግን ከቤተ መንግሥት ይልቅ ለበረዶና ለገደል የቀረበ ሰው ነበር፤ በበጋ ከብቱን ወደ ከፍተኛው የተራራ ግጦሽ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ በረዶ ሲዘጋው በቤቱ ተቀምጦ እንጨት ይጠርባል፣ ወይም ምስማርና ጨርቃ ጨርቅ ተሸክሞ በዘዋሪ ነጋዴነት ወደ ቆላው ከተሞች ይወርዳል። ከድሆቹ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለጭስ ማውጫ ጠራጊነት እስከ ፓሪስ ድረስ ይልኩ ነበር። በ1871 ፈረንሳይንና ጣልያንን በተራራ ሥር የሚያገናኘው የፍሬዡስ የባቡር ዋሻ ሲከፈት፣ ይህ ዳር የነበረ ሸለቆ በአንድ ጊዜ የሁለት አገሮች መተላለፊያ ሆነ።

በዓመቱ፣ በ1872፣ ከሴን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ በላይ ባለችው በአልቢዬ መንደር አካባቢ ጆዜፍ ኦፒኔል ተወለደ። አያቱ ቪክቶር አሜዴ ምስማር እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ የነበረ፣ ኋላም ብረት ቀጥቃጭ ቤት ያቋቋመ ሰው ነው፤ አባቱ ዳንኤል ደግሞ በመጥረቢያና በዛፍ መከርከሚያ ሥራው በአካባቢው የታወቀ ባለሙያ ነበር። ፈረንሳዮች ይህን ሙያ ከተራው አንጥረኝነት ለይተው ይጠሩታል፤ የዚህ ሙያ ሰው የፈረስ ኮቴ ብረት ወይም የበር ማጠፊያ ሳይሆን ስል ያላቸውን የእርሻና የደን መሣሪያዎች ብቻ የሚሠራ፣ ስለዚህም ከሁሉ በላይ ብረትን ማጠንከር፣ ማለትም አግሎ በውሃ ወይም በዘይት ማቀዝቀዝን የተካነ ነው። ጆዜፍ ይህን ከአባቱ ተማረ፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ዘመኑ አዳዲስ መሣሪያዎች ያደላ ወጣት ነበርና የፎቶግራፍ ማንሻ በገዛ እጁ ሠርቶ በመንደሩ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺ እስከ መሆን ደርሷል። በ1890፣ በ18 ዓመቱ፣ በትርፍ ጊዜው ለወዳጆቹ አንድ ትንሽ የኪስ ሰንጢ ሠራ፤ ወዳጆቹ ወደዱት፣ ሌሎችም ይሠራልን አሉ። በ1897 ሰንጢውን ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 በሚደርሱ አሥራ ሁለት መጠኖች አወጣው፤ ስለቱ በትንሹ 2 ሴንቲሜትር፣ በትልቁ 12 ሴንቲሜትር ነበር። ከእነዚህ ሁለቱ፣ እጅግ ትንሽ የሆነው ቁጥር 1 እና በቁጥር 10ና 12 መካከል የተጣበበው ቁጥር 11፣ በ1930ዎቹ ተቋርጠዋል።

የሰንጢውን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የትዝታው ምክንያት እዚያ ውስጥ ነውና። በብዛት የሚያዘው ቁጥር 8 ሲታጠፍ 11 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 8.5 ሴንቲሜትር ስለት ያለው፣ ክብደቱም 45 ግራም አካባቢ የሆነ ዕቃ ነው። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ጠቅላላ ክፍሎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ስለቱ፣ እጀታው፣ በእጀታው አንገት ላይ የተጠመጠመው የብረት ቀለበት፣ ስለቱን ከእጀታው ጋር አልፎ የሚይዘው ምስማርና በላዩ የሚዞረው ሁለተኛ ቀለበት ናቸው። እጀታው ከአንድ ወጥ እንጨት ይወጣል፤ ክብ ሆኖ ይጠረብና ስለቱ የሚተኛበት ቦይ በመጋዝ ይሰነጠቅለታል። ሌሎች ብዙ ሰንጢዎች ስለቱን ከፍቶ የሚይዝ የጀርባ ሞላ ሲኖራቸው፣ በዚህኛው ያንን ሥራ የሚሠራው እንጨቱ ራሱ በሁለት ጎኑ ብረቱን ጨምድዶ በመያዝ ነው። እንጨቱ ፈረንሳዮች ኤትር፣ እንግሊዞች ቢች የሚሉት የአውሮፓ ደጋ ዛፍ ሲሆን፣ የተመረጠበትም ምክንያት በብዛት መገኘቱ፣ ጥንካሬውና ለመጥረብ የማያስቸግር መሆኑ ነው። እጀታው ወደ ጫፉ ሄድ ሲል በትንሹ ሰፋ ይላል፤ እርጥብ ወይም የቀዘቀዘ እጅ ሲጎትተው እንዳያመልጥ ያደረገው ይህ ስፋት ነው። ስለቱ ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ያታጋን ከሚባለው የቱርክ ጎራዴ ቅርጽ የተወረሰ ነው፤ ጎኑም ጠፍጣፋ ሳይሆን በስሱ ጎበጥ ያለ በመሆኑ፣ ቀጭን ሆኖ ሳለ እንጨት ሲቆርጥ ቶሎ አይሸራረፍም።

በስለቱ ላይ የተቀረጸው ምልክት የሸለቆውን ታሪክ ይዟል። የፈረንሳይ ንጉሥ ቻርልስ 9ኛ በ1565 እያንዳንዱ ዋና ቢላዋ ሠሪ የሥራውን ምንጭና ጥራት የሚያስታውቅ ምልክት እንዲያትም አዝዞ ነበር፤ ጆዜፍም ያንን ልማድ ተከትሎ ዘውድ የደፋ እጅ መረጠ። እጁ ሦስት ጣቶቹን ለቡራኬ የዘረጋ እጅ ነው። በሴን ዣን ደ ሞሪየን ካቴድራል የመጥምቁ ዮሐንስ ሦስት ጣቶች እንደሚገኙ፣ እነርሱንም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቴክላ የተባለች የሸለቆው ሴት ከምሥራቅ አገር እንዳመጣቻቸው ይታመናልና፣ ከተማይቱ ስሟንም ሆነ የአርማዋን እጅ ያገኘችው ከዚሁ ነው። ዘውዱ ደግሞ ሳቮያ የመስፍን ግዛት የነበረችበትን ዘመን ያመለክታል። በዚህ መሠረት ድንች የሚላጥበትና የከብት ገመድ የሚቆረጥበት ርካሽ ሰንጢ፣ የቅዱስን ጣትና የመስፍንን ዘውድ በአንድነት ተሸክሞ በየገበሬው ኪስ ገባ።

ሰንጢው ከሸለቆው የወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ከጥንት ጀምሮ የነበሩት ዘዋሪ ነጋዴዎች፣ ሁለተኛው አዲሱ ባቡር ነው። በመስመሩ ላይ የሚሠሩ የባቡር ሠራተኞች ሰንጢውን ለራሳቸው ገዝተው ወደየአገራቸው ይዘውት ይሄዱ፣ ለሌላም ይሸጡት ነበር። ጆዜፍ በ1901 በትውልድ ቀዬው አጠገብ በወንዝ ኃይል የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ፤ እጀታውን በብዛት የሚያወጣውን መሣሪያም ራሱ ነደፈው፤ ኋላም ከሻምቤሪ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ወደ ኮኛን ተዛወረ። የኮኛኑ ፋብሪካ በ1926 በእሳት ቢወድምም ወዲያው እንደገና ተሠርቷል። ዋናው ነጥብ ግን የእጀታ ማውጫው መሣሪያ ሰንጢውን ርካሽ ማድረጉ ነው። በቢላዋ ሥራቸው የታወቁት የፈረንሳይ ከተሞች፣ የቲየርና የላዮል፣ ሠሪዎች በቀንድና በነሐስ ያጌጡ ውብ ሰንጢዎችን ሲያወጡ፣ የኦፒኔል ባለቤት የቀን ሠራተኛው ሆነ። ትዝታን ለሚያጠና ሰው ይህ ከባድ ቁም ነገር ነው፤ የድሃ ሰው ዕቃ እስኪያልቅ ይሠራበታልና ከዘመኑ ወደ ዘመናችን የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ይህ ሰንጢ ግን እየተበላም ቢሆን ደርሷል።

የሳቮያ ሽማግሌዎች ሰንጢውን ሲያነሡ አስቀድመው የሚያስታውሱት ማዕዱን ነው። በተራራው መንደር የጋራ ምድጃ የሚነድደው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ነበር፣ ስንዴ መሰል ከሆነው ራይ ከተባለ እህል የሚጋገረው ዳቦ ለወራት በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥና እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የቤቱ አባት ዳቦውን ደረቱ ላይ ደግፎ፣ ሰንጢውን ወደ ራሱ አውራ ጣት እየሳበ ይቆርጠዋል፤ አዲስ ዳቦ ሲጀመር ደግሞ አስቀድሞ በሰንጢው ጫፍ በጀርባው ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰንጢ ከኪሱ አውጥቶ ቶም ወይም ቦፎር ከሚባሉት የአካባቢው አይቦች ድርሻውን ይቆርጣል፤ የአይቡን ቁራሽ በስለቱ ጫፍ ወግቶ፣ በአውራ ጣት ዳቦው ላይ አስደግፎ ወደ አፍ መውሰድ የተለመደ ነበር። ለገበታ ተብሎ የሚቀመጥ ቢላዋ በብዙ ቤት አልነበረም፤ ሰው ሲጋበዝ ሰንጢውን ይዞ ይሄዳል። ምግቡ ሲያልቅ ስለቱ በመጨረሻዋ የዳቦ ቁራሽ ይጠረግና ቁራሿ ትበላለች፤ ቀጥሎ ሰንጢው ጠቅ ብሎ ይታጠፋል። ይህች ድምፅ በፈረንሳይ ገጠር ከባድ ትርጉም ነበራት። ቅጥረኛ በሚያድርበት ትልቅ ቤት ጌታው ሰንጢውን ካጠፈ ማዕዱ አበቃ ማለት ነውና፣ ያልጠገበውም አሽከር ሰንጢውን አጥፎ ይነሣል። ይህም የሰው ልጅ የሥልጣንን መጠን ከአዋጅ ብቻ እንደማይማር የሚያሳይ፣ ስለዚህም ከታሪክ መጻሕፍት መቅረት የማይገባው ነገር ነው፤ በልጅነቱ በሰው ቤት ያደረ ሰው ያችን ድምፅ እስከ እርጅናው ድረስ ከረኃብ ጋር አያይዞ ያስታውሳታል።

ለልጅ ግን ሰንጢው የደስታ ምልክት ነው። ልጁ ከብት ይዞ ወደ ተራራ ግጦሽ ለመውጣት ሲደርስ፣ አያቱ ወይም አባቱ አነስ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይሰጠዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ ምርኩዙን ራሱ ይልጣል፣ በጸደይ ወራት ቅርፊቱ በቀላሉ ከሚላቀቅ ለጋ ቅርንጫፍ ፉጨት ይሠራል፣ እንጉዳይ ከሥሩ ሳይነቅል ይቆርጣል። ስጦታው አንድ ሥርዓት ነበረው፤ ስለት ያለው ነገር በነጻ ከተሰጠ ወዳጅነትን ይቆርጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ተቀባዩ ለሰጪው አንድ ሳንቲም ይመልሳል። ሳንቲም የሌለው ልጅ መጀመሪያ ከአያቱ ሳንቲም ይቀበልና መልሶ ለእርሱ ለአያቱ ይከፍላል። ይህ ልማድ በፈረንሳይ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ባይጠፋም መልካም ነው፤ ልጁ የተቀበለው መጫወቻ ሳይሆን የራሱ ንብረትና ኃላፊነት መሆኑን ከረጅም ምክር ይበልጥ ያስረዳዋልና።

ይሁን እንጂ የጥንቱ ሰንጢ ጣት የሚጎዳበት ጊዜ ነበር። ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው የእንጨቱ ጭምደዳ ብቻ ስለ ነበር፣ ሰው በጫፉ ሲወጋ ወይም ስለቱን ከእንጨት ውስጥ ሲያላቅቅ በድንገት በጣቱ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። በ1955 የጆዜፍ ልጅ ማርሴል ቪሮብሎክ የተባለውን ተዟዟሪ ቀለበት ፈጠረ፤ ይህ ቀለበት ጎኑ የተሰነጠቀ ሆኖ፣ ስንጥቁ ከቦዩ ትይዩ ሲሆን ስለቱን ያሳልፋል፣ ሲዞር ደግሞ የስለቱን ተረከዝ ተደግፎ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል። በ2000 ቀለበቱ ተሻሽሎ ስለቱን ታጥፎ ሳለም እንዲቆልፍ ተደርጓል። ጆዜፍ በ1960 ሲሞት በሰንጢው ላይ የተጨመረ ዓቢይ ለውጥ ይህ አንድ ቀለበት ብቻ ነበር። ቀለበቱ የማያቃናው ችግር አንድ ነው፤ እንጨቱ ዝናብ ወይም ጤዛ ጠጥቶ ሲያብጥ ስለቱን ስለሚነክስ ጥፍር አያወጣውም። ገበሬው ለዚህ መፍትሔ አለው፤ የእጀታውን ጫፍ በጠረጴዛ ጠርዝ ወይም በጫማው ተረከዝ ላይ መታ ያደርገዋል፤ ስለቱ በገዛ ክብደቱ ብቅ ይላል፣ በጣት ተይዞም ይወጣል። ይህ የሳቮያው ሰው ምት ይባላል። ከአያቱ እጅ ያልተማረው ሰው ሰንጢው የተበላሸ ይመስለዋል።

ስለ ብረቱ ያለው ጉዳይ አከራካሪ ነው። የመጀመሪያው ኦፒኔል የሚሠራው ከካርቦን አረብ ብረት ሲሆን፣ ይህም ወደ 0.9 በመቶ የሚሆን ካርቦን ያለበት፣ በቀላሉ የሚሳል፣ ነገር ግን የሚዝግ ብረት ነው። ኋላ የመጣው ሁለተኛው ዓይነት ክሮሚየም የተጨመረበትና ዝገት የማይደፍረው አረብ ብረት ነው። የማይዝገው ለባሕር፣ ለዓሣና ለቸልተኛ ባለቤት የሚስማማ መሆኑ አይካድም፤ ትዝታን በመያዝ ረገድ ግን የካርቦኑ ብረት ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ፖም፣ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ሲቆረጥበት በውስጣቸው ያለው አሲድ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ሰማያዊና ግራጫ መልክ ይሰጠዋል፤ በዓመታት ውስጥ መልኩ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ይህም ጥቁረት ቀዩ ዝገት በቶሎ እንዳይበላው መጠነኛ መከላከያ ይሆነዋል። ሰንጢው በተሳለ ቁጥር ደግሞ ከስለቱ ጥቂት ብረት ይሄዳል። ለዚህ ነው የአንድ አሮጌ እረኛ ሰንጢ ስለት ጠቦ፣ መሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ የሚገኘው፤ የጎደጎደበት ቦታ ባለቤቱ ዳቦውን ዘወትር የሚቆርጥበት ቦታ ነው። በእጀታውም ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎን ለስልሶና ጠቁሮ ይታያል፤ ሰውየው ግራኝ ከነበረ እርሱም ከዚያ ይታወቃል።

የሰንጢው የትውልድ ዓለም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ተለወጠ። የሞሪየን ወንዞች ለኤሌክትሪክ ተገደቡ፤ በ1907 በሴን ዣን የአሉሚኒየም ፋብሪካ ተከፈተ፤ ከብት ጠባቂው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የሠራተኛው ልጅ ደግሞ በበረዶ ሸርተቴ መዝናኛዎች ተቀጣሪ ሆነ። በ1992 በሳቮያ የምትገኘው አልበርቪል የክረምት ኦሎምፒክን ስታስተናግድ፣ ሰንጢው ከገበሬው ኪስ ይልቅ በተራራ ተጓዡ ሻንጣ ውስጥ የሚገኝ ዕቃ ሆኖ ነበር። በ1985 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በዓለም ላይ ውብ ንድፍ ካላቸው ዕቃዎች መካከል ቆጥሮታል፤ በሴን ዣን ደ ሞሪየንም የራሱ ሙዚየም አለው። በሌላ በኩል የዘመኑ ሕግ በጥርጣሬ ያየዋል፤ በፈረንሳይ ያለ በቂ ምክንያት ሰንጢ ይዞ በአደባባይ መገኘት የተከለከለ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ያለ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍና ስለቱ ከ7.6 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ በመሆኑ፣ ጣት ለመጠበቅ የተፈጠረው የማርሴል ቀለበት ሰንጢውን ከተፈቀዱት ወገን አስወጥቶታል። ሕጉ የወጣበት የከተማ ዓመፅ እውነተኛ ነውና በሕጉ መፍረድ አይቻልም፤ ሆኖም አንድ ትውልድ ዳቦ ባርኮ የቆረሰበት ዕቃ ለቀጣዩ ትውልድ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ፍተሻን መሆኑ ሊታዘንለት የሚገባ ነው።

በብዙ የፈረንሳይ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ ከአያት የቀረ፣ ዝጎ የተዘጋ ኦፒኔል ይገኛል፤ ወራሾቹም እንደ ቅርስ ሳይነካ ይቀመጥ ወይስ ይሠራበት በማለት ሲያመነቱ ይስተዋላል። አንደኛው ወገን በተሳለ ቁጥር የሟቹ አሻራ ይቀነሳል ይላል፤ ነገር ግን ዝገት ከሞረድ ይልቅ አብዝቶ ይበላልና ሥራ ላይ መዋሉ የተሻለ ነው። የተነከሰው ስለት በምት ካልወጣ፣ እንጨቱ በሞቃት ደረቅ ስፍራ ጥቂት ቀናት ሲቆይ ይላላል። ቀዩ ዝገት በዘይት በራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፈገፈጋል፤ ጥቁሩ መልክ ግን ዝገት ስላልሆነ አይነካም። ስለቱ በ20 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ በእርጥብ መሳያ ድንጋይ ላይ በሁለቱም ጎን እኩል ይሳላል፤ በምስማሩ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይጨመራል፤ ደርቆ የነጣው እጀታም በተልባ ዘይት ታሽቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ከዚያ በኋላ ዳቦ ሊቆረጥበት ይችላል።